«ስንት ጊዜ ልንገርዎ?» ከማለታችን በፊት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ባለፈው ሴሚስተር ከዒሻ በኋላ በምናደርገው ሐለቃ ስለ ወላጆች ሐቅ እየተማርን ሳለ ከመካከላችን አንድ ወንድም እጁን አወጣ። «አያቴ ዙህርን ሦስት አራት ጊዜ ይሰግዳሉ» አለ። «ሰግደዋል ስንላቸው ይቆጣሉ። ባለፈው ክረምት በእንግዳ ፊት ‹ስንት ጊዜ ልንገርዎ!› ብዬ ጮኽኩባቸው። ዝም ብለው አንገታቸውን ደፉ። ይህ በእኔ ላይ ወንጀል ይሆናል ወይ? ለእርሳቸውስ ሶላቱ ግዴታ ነው ወይ?»

አያትየው በወሎ ገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናትን በሉህ ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሸኽ ናቸው። ዛሬ ግን ከመስጂድ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ይጠፋባቸዋል። ሌሊት ተነስተው ዙህር ደረሰ ይላሉ። ገንዘባቸውን ራሳቸው ደብቀው ምራታቸውን «ሰረቅሽኝ» ይላሉ። ጎረቤት ግማሹ «ጃጅተዋል» ይላል፣ ግማሹ «ጂን ነው» ይላል።

ወንድማችን ሲጨርስ ሐለቃው ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ስለ አባቱ፣ ሌላዋ ስለ አክስቷ መናገር ጀመሩ። አንዲት እህት አባቷ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ «ሰው ያየኛል» ብለው ጀመዓ መስገድ እንዳቆሙ ነገረችን። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ግን አናወራውም፣ አናውቀውምም። በሩቅ ካምፓስ ሆነን በስልክ «እንዴት ናቸው?» እንላለን፣ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ይረሳሉ» እንባላለን፣ በዚያው ያልፋል።

ስለዚህ በዚህ እትም ይህን ርዕስ ለመማማር ወሰንን። ሐኪሞች አይደለንም፤ የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ዓላማችን በሽታ መለየት ሳይሆን፣ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አውቀን አዛውንቶቻችንን በጊዜ ወደ ሐኪም እንድንወስድና አንደበታችንን እንድንጠብቅ ነው።

የነርቭ ሕዋስ ሲዳከም

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እነዚህ ሕዋሳት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ምልክት እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የቆዳ ወይም የደም ሕዋስ ሲሞት በሌላ ይተካል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተካም። ሕፃን ሳለን አላህ የሰጠን ሕዋስ ነው እስከ እርጅና የሚያገለግለን።

አሁን የምንነጋገርባቸው በሽታዎች በአንጎል ወይም በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየተዳከሙ የሚሞቱባቸው ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን በሕዋሳቱ ውስጥ ወይም በመካከላቸው ይከማቻል። የበሽታው ስምና ምልክት የሚለያየው በዋናነት የትኛው የአንጎል ክፍል ስለተጎዳ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ የአንድ ፎቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሲበላሽ የሚጨልመው ያ ፎቅ ነው፤ ሌላው ፎቅ ላይ መብራት አለ። የማስታወሻው ክፍል ሲጎዳ ሰው ይረሳል፤ የእንቅስቃሴው ክፍል ሲጎዳ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል። ሰውየው ግን ያው ሰው ነው።

ሁሉም የሚጋሯቸው ነገሮች አሉ። በድንገት ሳይሆን በወራትና በዓመታት ይመጣሉ፤ እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ በንክኪ ወይም በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘላቸውም፤ ነገር ግን ስቃይን የሚቀንስ ሕክምናና እንክብካቤ አላቸው። አፍ ሲጣመም፣ ግማሽ አካል ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር በድንገት ከሆነ ግን ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ሳይባክን በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

አልዛይመር፦ የመርሳት በሽታ

እ.ኤ.አ. በ1901 አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ፍራንክፈርት ውስጥ የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትየዋ ትረሳለች፣ ባሏን ትጠራጠራለች፣ ቦታና ጊዜ ይምታታባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየ። ዛሬ አሚሎይድና ታው ተብለው የሚታወቁት ፕሮቲኖች ተከማችተው አገኘ። በሽታው በእርሱ ስም ተጠራ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። ከመርሳት ሕመም ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚያመጣው አልዛይመር ነው። ስለዚህ የሀብታም አገር በሽታ ብቻ አይደለም።

አልዛይመር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገርን የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው የ77ቱን ድርቅ አንድም ሳይስቱ የሚተርኩልን አባት ዛሬ ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን የማያስታውሱት። አሮጌው መዝገብ አለ፤ አዲሱ አልተጻፈም። አንድን ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጠይቁን ግትር ሆነው ወይም እኛን ሊፈትኑ ብለው አይደለም። በእኛ ቋንቋ ፋይሉ ጠፍቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ «ሴቭ» አልተደረገም። ለእርሳቸው አሥረኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ነው።

«ሰረቃችሁኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን ያስቀመጡበት ቅጽበት አልተመዘገበም፤ ኪሳቸው ግን ባዶ ነው። አእምሮ ክፍተት አይወድም፤ «አንድ ሰው ወስዶታል» ብሎ ይሞላዋል። ያቺ ምራት ሌባ አይደለችም፤ ሸኹም ሐሰተኛ አይደሉም።

በሽታው ሲገፋ ቃል ይጠፋል፣ የሰው ፊት ይምታታል፣ ልብስ መልበስና መታጠብ ያስቸግራል፤ በመጨረሻም መዋጥና መራመድ ይከብዳል። እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች ለአንዳንዶች ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላሉ። በቅርብ ዓመታት አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዱ መድኃኒቶች በአሜሪካ ጸድቀዋል፤ እነርሱም በሽታውን በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ አለ። የረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድብርት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን ያስረሳሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ይታከማሉ። «ያው እርጅና ነው» ብለን ቤት ካስቀመጥናቸው ሊድን የሚችለውን ነገር እኛው አበላሸነው ማለት ነው።

ፓርኪንሰን፦ የእንቅስቃሴ በሽታ

ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 የሚያንቀጠቅጥ በሽታን ገልጾ ጻፈ። ዛሬ የምናውቀው በሽታው የሚመጣው በአንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ሲሞቱ መሆኑን ነው። ዶፓሚን ሲያንስ አካል ልብ ያዘዘውን በፍጥነት አይፈጽምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የታማሚዎቹን ቁጥር ከ8.5 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ገምቷል።

ዋና ምልክቶቹ የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የጡንቻ መገተርና መንቀጥቀጥ ናቸው። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል ይጀምራል፤ እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ይታያል። ሲኒ ሲያነሱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ይሄዳል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ እርምጃ ያጥራል። መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት የማሽተት ችሎታ መቀነስ፣ የሆድ ድርቀትና በእንቅልፍ ውስጥ መወራጨት ሊኖር ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የፊትን ነገር ነው። የፊት ጡንቻም ስለሚገተር ታማሚው ፈገግ ማለት ያቅተዋል። ሰላም ስንላቸው ፊታቸው የማይፈታ አባት ተቆጥተው ወይም ኮርተው ላይሆን ይችላል። ውስጣቸው ይስቃል፤ ፊታቸው አልታዘዝ ብሎ ነው።

መስጂድ ውስጥም ይህን እናያለን። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ቆመው ይቀራሉ፤ ከኋላ ያለው ሰው ይገፋል። ይህ «መድረቅ» የበሽታው ታዋቂ ምልክት ሲሆን በተለይ በር ላይና በጠባብ ቦታ ይከሰታል። መግፋትና መጎተት ያስወድቃቸዋል። የሚረዳቸው ታግሦ መቆም፣ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር፣ ወይም መሬት ላይ ያለ መስመር አሳይቶ «ይህን ይሻገሩ» ማለት ነው። ምንጣፍ ላይ ያለው የሶፍ መስመር እንኳ ለዚህ ያገለግላል።

ለፓርኪንሰን ከሁሉ የታወቀው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ብዙ ታማሚዎችን ለዓመታት በእግራቸው አቁሟል። ነገር ግን ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ አለበት፤ በሽታው በገፋበት ሰው ላይ ኃይሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። በድንገት ማቋረጡ ደግሞ ከባድ መገተርና ትኩሳት ሊያመጣና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ይህን ረመዳን ሲመጣ ማስታወስ አለብን።

ሙሐመድ ዐሊን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1964 እስልምናውን ለዓለም ያወጀው ቦክሰኛ በ1984፣ በ42 ዓመቱ፣ የፓርኪንሰን ምልክት እንዳለበት ተነገረው። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ችቦውን የለኮሰው በሚንቀጠቀጥ እጁ ነበር። ዓለም ሁሉ እያየው አልደበቀውም። እስከ 2016 ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ከበሽታው ጋር ኖሮ ወደ አኼራ ሄደ። አላህ ይዘንለት። «ሰው ያየኛል» ብለው ጀመዓ ለቀው ለቀሩት አባት ይህን ታሪክ ብንነግራቸው መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹ እኛ ነንና ዓይናችንን ከእጃቸው ላይ እናንሳ።

ኤ.ኤል.ኤስ. እና ሀንቲንግተን

እነዚህ ሁለቱ ከቀደሙት ያነሰ ሰው ይይዛሉ፤ ግን ማወቁ ይጠቅማል። ኤ.ኤል.ኤስ. ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን የሚገድል በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1869 ገልጾታል። ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት፣ እግር ሲደናቀፍ ወይም ምላስ ሲተሳሰር ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ መዋጥና መተንፈስ ይሄዳል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይኖራሉ። ሳይንቲስቱ ስቴቨን ሆኪንግ ግን በ21 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ተነግሮት እስከ 2018 ኖሯል። አንዳንዶች ላይ የአስተሳሰብ ለውጥ ቢታይም፣ በብዙዎቹ አእምሮ ጤነኛ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ ያለ ሰው መናገር ስላቃተው ብቻ የማይሰማ አድርገን በራሱ ላይ አናውራ። ይሰማል፣ ይረዳል፣ ያዝናል፤ በልቡም ዚክር ያደርጋል።

ሀንቲንግተን ደግሞ በዘር የሚተላለፍ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1872 ገለጸው፤ የሚያመጣው ዘረመል በ1993 ተለየ። ከወላጆቹ አንዱ ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ አካል ሳይታዘዝ ይወራጫል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ማሰብም ይከብዳል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ሰዎች «እርግማን ነው» ይላሉ። እርግማን አይደለም፤ በሽታ ነው። ለጋብቻ የሚታሰቡትንም ልጆች በሐሜት ከማግለል ይልቅ ወደ ሐኪም መምከር ይገባል።

ጂን ነው ወይስ በሽታ?

ጂን መኖሩን እናምናለን፤ በቁርአን የመጣ ነው። ሩቅያም ሸሪዓዊ ነው፤ ለታመመ ሰው ቁርአን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ሥራ ነው። ችግሩ ሩቅያውን የምርመራው ምትክ ስናደርገው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ አዛውንቶች ፀሐይ ስትጠልቅ ይረበሻሉ፤ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይንቆራጠጣሉ። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል፤ ድካም፣ የብርሃን መቀነስና የእንቅልፍ ሰዓት መዛባት ያባብሱታል። በእኛ አገር ሰዓቱ ከመግሪብ ጋር ስለሚገጥም ቤተሰብ ወዲያው «ጂን ነው» ይላል። ከዚያ ሽማግሌውን ማሰር፣ መምታት፣ ጭስ ማጠን፣ ለጠንቋይ ገንዘብ መክፈል ይመጣል። ይህ በሽታውን አያድንም፤ የኋለኛው ደግሞ ዲናችንን ያበላሻል። መብራት ቀደም ብሎ ማብራት፣ ጫጫታ መቀነስ፣ እጃቸውን ይዞ አያተል ኩርሲይን ቀስ ብሎ መቅራት ግን ያረጋጋቸዋል፤ አጅርም አለው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዝዘውናል፤ አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደ ነግረውናል፤ አንዱን ብቻ ለይተው አውጥተዋል፤ እርሱም እርጅና ነው። ስለዚህ ሕክምና መፈለግ ተወኩልን አይቃረንም። ከእርጅና ራሱ መመለስ ባይቻልም በእርጅና ላይ የሚደረብ በሽታ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ቢሆንም በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጀመር ይቻላል፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድና የሚወስዱትን መድኃኒት ማየት እዚያም ይጀመራል። የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ማኅበርም አዲስ አበባ ውስጥ አለ።

ሶላታቸውና ጾማቸው

የወንድማችንን ሁለተኛ ጥያቄ ለኡስታዛችን አቅርበን ነበር። የሰጡንን በአጭሩ እናካፍላችሁ። ዝርዝሩን እያንዳንዳችን በአካባቢያችን ካሉ ዑለሞች እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ እንደተነሳ በሐዲስ መጥቷል፤ ከእነርሱ አንዱ አእምሮውን ያጣ ሰው ነው እስኪመለስለት ድረስ። ስለዚህ የሶላትን ምንነት፣ ጊዜውንና አፈጻጸሙን መለየት ያቃተው ሰው ላይ ግዴታ የለም። ቤተሰብ «ሶላት አለፋቸው» ብሎ መጨነቅና ማስጨነቅ አያስፈልገውም። ደጋግመው ቢሰግዱም ኃጢአት የለባቸውም፤ አንከልክላቸው። አንዳንዴ የሚያስታውስ፣ አንዳንዴ የሚረሳ ሰው ግን ባስታወሰበት ጊዜ ይሰግዳል። ረክዓ የሚምታታባቸው ከሆነ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ አብሮ ቢሰግድ ይቀልላቸዋል።

ሁለተኛ፣ አእምሮው ጤነኛ ሆኖ አካሉ ያልታዘዘ ሰው በሚችለው ይሰግዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ቆሞ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነግረውታል። ወንበር ላይ መስገድ ለፓርኪንሰን ታማሚ ውርደት አይደለም፤ መውደቅን ይከላከላል። በየወቅቱ ውዱእ ማድረግ ለከበደው ሁለት ሶላቶችን ሰብስቦ መስገድን የሚፈቅዱ ዑለሞች አሉ፤ ተጠየቁ።

ሦስተኛ፣ ጾም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ገር አድርጎለታል። የማይድን በሽታ ያለበትና መጾም የማይችል ሰው ስለ ቀኑ ሚስኪን ያበላል። ሌቮዶፓ የሚወስዱ አባት «ረመዳን ነው» ብለው መድኃኒታቸውን ከሱሑር እስከ ኢፍጧር እንዳያቆሙ፣ ረመዳን ሳይገባ ከሐኪምም ከዓሊምም ጋር እንነጋገርላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ

ለዕረፍት ስንሄድ ብዙዎቻችን ለሁለት ሳምንት እንግዳ እንሆናለን፤ ዓመቱን ሙሉ ሸክሙን የሚሸከሙት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። እነዚህን እንሞክር፦

1. «ታስታውሰኛለህ?» ብለን አንፈትናቸው። ገብተን «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እኔ የእገሌ ልጅ እገሌ ነኝ» እንበል። ፈተና ያሳፍራል፤ ስም መንገር ያሳርፋል።

2. አንከራከራቸው። «እናቴ የት አለች?» ቢሉና እናታቸው ከሞተች 40 ዓመት ቢሆናት፣ በየቀኑ አዲስ ለቅሶ አናስቀምጣቸው። «ናፈቀችዎት? እስቲ ስለ እርሷ ያጫውቱኝ» ማለት ውሸትም አይደለም፣ ጭካኔም አይደለም።

3. የለመዱትን እናስቀጥል። ቤቱን አንቀያይር። ከልጅነት የተቀራ ሱራ፣ የቆየ መንዙማ፣ መሙለጫው ጠረን ያለው የቡና ሥርዓት፣ እነዚህ ብዙ ነገር ከጠፋ በኋላም ይቀራሉ።

4. ቤቱን ከአደጋ እንጠብቅ። የሚያንሸራትት ወለል፣ ክፍት ከሰል፣ የውኃ ጉድጓድ አይቶ ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው። ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ ያለበት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይኑር።

5. መዋጥ ለሚቸግራቸው አስቀምጠን፣ በትንሽ በትንሹ እንመግብ፤ አንቸኩል።

6. የምታስታምመውን ሰው እናሳርፍ። አንድ ሌሊት በእርሷ ፈንታ ብንነቃ፣ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ለራሳችንም ቢሆን ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በሕይወት ዘመን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነርሱ ቢወገዱ ከመርሳት ሕመም ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። ከእነርሱ ውስጥ ያልታከመ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማት ችግር፣ እንቅስቃሴ ማጣትና ብቸኝነት ይገኙበታል። ሞተር ላይ ሄልሜት ማድረግ፣ የወላጆቻችንን ግፊት ማስለካት፣ ጆሯቸው የደከመን አዛውንት ማሳከም ዛሬ የምንችለው ነገር ነው። መስጂድ የሚመላለስ ሽማግሌም የሚራመድና ሰው የሚያገኝ ሽማግሌ ነው።

የሚረሳውና የማይረሳው

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀረን። ጮኸብኝ ያልተባለለት፣ ራሳቸው የረሱት ጩኸት ወንጀል ይሆናል ወይ?

በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ) ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ለእርጅና ሲደርሱ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው፣ እንዳንገላምጣቸው፣ የአክብሮት ንግግር እንድንናገራቸው አዝዞናል። ትእዛዙ «የሚያስታውሱ ከሆነ» አላለም። አላህ ያልረሳውን እነርሱ ስለረሱት አይሰረዝም። ከዚህም ሌላ፣ በመርሳት ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይተዋል፤ ታማሚው የሆነውን ነገር ከረሳ በኋላም በነገሩ የተሰማው ደስታ ወይም ኀዘን ይቆያል። ማለትም ቃሉን ይረሱታል፤ ስብራቱ ግን ውስጣቸው ይቀራል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ ያዝናሉ። መልካም ቃልም እንዲሁ ነው። ያጫወትናቸውን ይረሳሉ፤ ደስታው ግን ይቆይላቸዋል። «ምን ዋጋ አለው፣ ይረሱታል» ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው።

በሱረቱ ነህል አላህ (ሱ.ወ) ከእኛ ውስጥ ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ደካማ ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ ይነግረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዛሬ ኢንቴግራል የምንፈታበት፣ ሱራ የምንሐፍዝበት አእምሮ አማና እንጂ የግል ንብረታችን አይደለም። ነገ የምንጠይቀው እኛ፣ የሚመልስልን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ወንድማችን በዕረፍቱ ወደ አገሩ ሄዶ ተመልሷል። እንድንጽፈው ፈቅዶልናል። አያቱ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። «አፉ ይበሉኝ» አላቸው። ለምን እንደሆነ አላወቁም፤ ግን «አላህ አፉ ይበልህ» አሉት። አጠገባቸው ተቀምጦ ያሲንን ጀመረ። አንድ አያ ላይ ሲሳሳት እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና አረሙት። ስሙን አያውቁም፤ ሱራውን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ዙህር ደረሰ ብለው ተነሱ፤ ሰዓቱ ዐሥር አልፎ ነበር። «እሺ» ብሎ ውኃ አቀረበላቸው።

ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ ጤነኛና ነዋሪ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ያ ሁሉ ሉህ፣ ያ ሁሉ ሱብሒ የት ሄደ ብለን አንዘን፤ እርሳቸው ቢረሱትም ተጽፏል።

አላህ የታመሙብንን ይማርልን፤ የሚያስታምሙትን ያጽናልን፤ ወላጆቻችንን በሕፃንነታችን እንዳዘኑልን ይዘንላቸው፤ እኛንም ወደ ደካማ ዕድሜ ከመመለስ ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።